የእርግዝና የመጨረሻ ሳምንታት፦ ምን ይጠበቃል? ምንስ አስቀድሞ ይወሰናል?

የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት በጋራ ባወጡት ግምት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ 260 ሺህ ያህል ሴቶች በእርግዝና፣ በወሊድ ወይም ከወሊድ በኋላ ባሉት 6 ሳምንታት ውስጥ ከዚሁ ጋር በተያያዘ ምክንያት ሕይወታቸው አልፏል። በአማካይ በየሁለት ደቂቃው አንዲት ሴት ማለት ነው። ከሞት ምክንያቶቹ ቀዳሚዎቹ ከባድ የደም መፍሰስና ከደም ግፊት ጋር የተያያዙ ሕመሞች ሲሆኑ፣ ሁለቱም ይበልጥ የሚያሰጉት በእርግዝናው ማብቂያ፣ በምጥ ሰዓትና ልጁ ከተወለደ በኋላ ባሉት ሰዓታትና ቀናት ነው። ሁለቱም የታወቀ ሕክምና አላቸው፤ መድኃኒቶቹም ከብዙ ዓመታት ጀምሮ በሥራ ላይ ያሉና በአንጻራዊነት ርካሽ ናቸው።

ሕክምናው እያለ ሞቱ ለምን ይቀጥላል ለሚለው ጥያቄ እስካሁን ጠንካራ ሆኖ የቆየውን መልስ የሰጡት ሴሪን ታዴየስና ዴቦራ ሜይን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት የእናቶችን ሞት በ3 መዘግየቶች ከፍለው አብራርተዋል። የመጀመሪያው ወደ ሕክምና ለመሄድ በመወሰን ላይ የሚባክነው ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ጤና ተቋም ለመድረስ የሚፈጀው፣ ሦስተኛው ደግሞ ከተደረሰ በኋላ ተገቢውን ሕክምና እስኪያገኙ የሚያልፈው ነው። ሦስተኛውን የሚያሳጥረው በዋነኛነት የጤና ሥርዓቱ ነው። የመጀመሪያውን ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን፣ የሁለተኛውንም ጉልህ ክፍል ግን ነፍሰ ጡሯና ቤተሰቧ ምጡ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ሳምንታት ሊያሳጥሩት ይችላሉ። በዚህ ጸሐፊ እምነት በእርግዝና መጨረሻ ላይ «ዝግጅት» ሊባል የሚገባው ከሁሉ በፊት ይኸው ነው፤ በጭንቅ ሰዓት መወሰን የሚኖርባቸውን ነገሮች በእርጋታው ሰዓት ወስኖ መጨረስ። የሕፃን ልብስና አልጋ ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው፤ ቢጎድሉም በአንድ ቀን ይሟላሉ።

የሚጠበቀው ቀን ሳይሆን የሚጠበቁት ሳምንታት

የመጨረሻው የእርግዝና ምዕራፍ ከ28ኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ ወሊድ ያለው ጊዜ ነው። በመግቢያው ላይ ፅንሱ 1 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ጊዜውን ጠብቀው ከሚወለዱት አብዛኞቹ ሕፃናት ደግሞ ሲወለዱ ከ2.5 እስከ 4 ኪሎ ግራም ይሆናሉ። ስለዚህ የፅንሱ ክብደት ከእጥፍ በላይ የሚጨምረው በእነዚህ 12 ሳምንታት ውስጥ ነው። አንጎሉ በፍጥነት ያድጋል፤ ከቆዳው ሥር ሙቀቱን የሚጠብቅለት ስብ ይከማቻል፤ ሳንባውም ከመጀመሪያው ትንፋሽ ጀምሮ የአየር ከረጢቶቹ እንዳይጣበቁ የሚያደርገውን ፈሳሽ በበቂ መጠን ማምረት ይጀምራል።

ይህ የሳንባ ዕድገት በሕክምና ታሪክ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው። በኒውዚላንድ ግርሃም ሊጊንስና ሮስ ሃዊ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ጥናት፣ ያለጊዜዋ ልትወልድ ለተቃረበች እናት የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ የሕፃኑን ሳንባ እንደሚያጎለብትና ሞትን እንደሚቀንስ አሳዩ። ሕክምናው ዛሬም በብዙ ሀገራት ይሠራበታል። መርፌው ግን ሙሉ ጥቅሙን ለመስጠት ጊዜ፣ በተለይም አንድ ቀን ገደማ ያስፈልገዋል። ከ37ኛው ሳምንት በፊት በየተወሰነ ጊዜ እየተመላለሰ የሚመጣ ቁርጠት፣ ወደ ታች የሚገፋ ስሜት ወይም የውሃ መፍሰስ ያጋጠማት ሴት «ትንሽ ልየው» ብላ አንድ ሌሊት ስታሳልፍ፣ መርፌው ሊሠራበት ይችል የነበረውን ጊዜ አብራ ታሳልፋለች። ከ10 ሕፃናት 1 ገደማ ያለጊዜው የሚወለድ በመሆኑ ይህ ለጥቂቶች ብቻ የተተወ ጉዳይ አይደለም።

የመውለጃ ቀን ተብሎ በካርድ ላይ የሚጻፈው ቀን የሚሰላው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ተነሥቶ 280 ቀናት በመቁጠር ነው፤ በእርግዝናው መጀመሪያ የተነሣ አልትራሳውንድ ካለ በእርሱ ይስተካከላል። በትክክል በዚያ ቀን የሚወለዱት ከመቶ 5 ገደማ ብቻ ናቸው። ጊዜውን የጠበቀ የሚባለው ወሊድ ከ37ኛው እስከ 42ኛው ሳምንት ባለው ሰፊ ክልል ውስጥ የሚውል ሲሆን፣ በዚህ ክልል ውስጥም ልዩነት አለ። በ37 እና በ38 ሳምንት የሚወለዱ ሕፃናት በ39 እና በ40 ከሚወለዱት ይልቅ የመተንፈስና የመጥባት ችግር በመጠኑ ይበዛባቸዋል። ስለዚህ ሐኪም የሚያቀርበው የጤና ምክንያት ከሌለ በስተቀር ከ39ኛው ሳምንት በፊት በቀጠሮ ለመውለድ መቸኮል አይመከርም። በሌላ በኩል 41 ሳምንት ሲያልፍ የእንግዴ ልጁ አገልግሎት እየደከመ ሊሄድና ፅንሱ በማህፀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ ሊጨምር ስለሚችል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከዚህ በኋላ ምጥ በመድኃኒት እንዲጀመር ይመክራል። ቤተሰብ አንድ ቀን ቆርጦ ከመጠበቅ ይልቅ ከ37ኛው ሳምንት ጀምሮ ማንኛውም ቀን፣ ማንኛውም ሰዓት ሊሆን እንደሚችል ቢያስብ ይሻለዋል። ብዙ ዝግጅቶች የሚከሽፉት ቀኑ ላይ ተለክተው ስለሚሠሩ ነው።

የሚያስቸግር እንጂ የማያሰጋ

በእነዚህ ሳምንታት ከሚሰሙት ነገሮች አብዛኞቹ የማህፀኑ ማደግና የሆርሞኖች ለውጥ ውጤቶች ናቸው። ቃር፣ የሆድ ድርቀት፣ ኪንታሮት፣ የወገብና የዳሌ ሕመም፣ ቶሎ ቶሎ ሽንት መሽናት፣ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ማጠር፣ ወደ ማታ የቁርጭምጭሚት ማበጥ፣ ሌሊት የባት ጡንቻ መኮማተር የተለመዱ ናቸው። ለሕመሙ ማስታገሻ ሲፈለግ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉት ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የፅንሱን ኩላሊትና የእንሽርቱን ውሃ መጠን ሊጎዱ ስለሚችሉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰዱም።

ስለ እንቅልፍ ግን ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ከ28ኛው ሳምንት በኋላ በጀርባ ተኝቶ እንቅልፍ መጀመር ከፅንሱ የመሞት ዕድል መጨመር ጋር እንደሚያያዝ በተለያዩ ሀገራት የተደረጉ ጥናቶች አመልክተዋል። ምክንያቱም በጀርባ ሲተኛ ከባዱ ማህፀን ከታችኛው የሰውነት ክፍል ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር ስለሚጫነው፣ ወደ ማህፀኑ የሚደርሰው ደም ይቀንሳል። መፍትሔው በጎን መተኛት ነው፤ ግራም ቀኝም ያው ነው። ሌሊት ነቅታ ራሷን በጀርባዋ ተኝታ ያገኘች ሴት ልትደነግጥ አይገባትም፤ ወደ ጎኗ ዞር ብላ መተኛት ይበቃታል። ዋናው እንቅልፍ ሲጀመር የሚያዘው አቀማመጥ ነው፤ ረጅም ሰዓት የሚቆየው እርሱ ነውና።

ክትትሉ ለምን ይደጋገማል

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ቀድሞ 4 ጊዜ ይባል የነበረውን የቅድመ ወሊድ ክትትል ወደ 8 አሳድጎታል። ከ8ቱ 5ቱ ማለትም በ30፣ በ34፣ በ36፣ በ38 እና በ40 ሳምንት የሚደረጉት በዚህ የመጨረሻ ምዕራፍ ውስጥ ይውላሉ። ሁሉ ነገር ደኅና የመሰላት ሴት ግን ልትተወው የምትፈተነው ብዙውን ጊዜ ይህንኑ የመጨረሻውን ክፍል ነው፤ ሆዱ ከብዷል፣ መንገዱ ያደክማል፣ ባለፈው ጊዜም «ምንም የለብሽም» ተብላለች።

ችግሩ በዚህ ወቅት የሚፈራው ሕመም ከሁለት ቀጠሮዎች መካከል በቀናት ውስጥ ሊነሣ የሚችል መሆኑ ነው። ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የደም ግፊት ከፍ ሲልና በሽንት ውስጥ ፕሮቲን ሲገኝ፣ ወይም ኩላሊት፣ ጉበትና ሌሎች የሰውነት ክፍሎች ሲጎዱ ነው። ሲጀምር አንዳች ስሜት ላይኖረው ይችላል። የሚያሳብቀው የልኬቱ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ እንዲታመን ደግሞ አለካኩ ትክክል መሆን አለበት። ነፍሰ ጡሯ ሽንቷን ሸንታ፣ ጀርባዋን አስደግፋ፣ እግሮቿን ሳታጣምር ወለል ላይ አሳርፋ 5 ደቂቃ ያህል ከተቀመጠች በኋላ፣ ክንዷ በልቧ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ አርፎ፣ ሳታወራ ትለካለች። ከመንገድ እየተነፈሰች ገብታ ቆማ የተለካች ሴት ቁጥሯ ሊያሳስት ይችላል፤ በትሕትና «ትንሽ ልረፍና እንደገና ይለካልኝ» ማለት መብቷ ነው። የላይኛው 140 ወይም የታችኛው 90 ከሆነ ወይም ካለፈ ክትትል ይጠይቃል፤ 160 ወይም 110 ከደረሰ ግን አስቸኳይ ሕክምና የሚያሻው አደጋ ነው። ሕመሙ ወደ መንቀጥቀጥ እንዳይሸጋገር የሚሰጠው ማግኒዚየም ሰልፌት፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ከ10 ሺህ በላይ ሴቶች በተካተቱበት ዓለም አቀፍ ጥናት የመንቀጥቀጥ አደጋውን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። የመጨረሻው ፈውስ ግን መውለድ ነው፤ ስለዚህ መቼ መውለድ እንዳለባት የሚወስነው ይኸው የግፊትና የምርመራ ውጤት ነው።

ሌላው የክትትል ጉዳይ የደም ማነስ ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) ከ11 ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ ደም ማነስ ይባላል። ሴትየዋ ድካሙን ከእርግዝናው ጋር አያይዛ ልትታገሠው ትችላለች፤ ነገር ግን በወሊድ ጊዜ የሚፈሰው ደም ሌላዋ የምትቋቋመው ሆኖ ሳለ ለእርሷ አደገኛ ሊሆን ይችላል። በየቀኑ የሚዋጠው የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን እስከ መጨረሻው የማይቋረጠው ስለዚህ ነው። የሆድ ድርቀት አምጥቶባት የተወችው ሴት ለሐኪሟ ብትናገር አወሳሰዱ ወይም ዓይነቱ ይቀየርላታል።

በ36ኛው ሳምንት አካባቢ ደግሞ የፅንሱ አቀማመጥ ይታያል። ጊዜያቸውን ከጠበቁት ፅንሶች ከመቶ 3 ወይም 4 ያህሉ በመቀመጫቸው ወይም በእግራቸው ወደ ታች ሆነው ይገኛሉ። ይህ ቀደም ብሎ ከታወቀ ልምድ ያለው ሐኪም ከውጭ ሆዷን በእጁ እየገፋ ሊያዞረው ይሞክራል፤ ሙከራው ግማሽ ያህሉን ጊዜ ይሳካል። ካልተሳካ በቀዶ ሕክምና ወይስ በምጥ ይወለድ የሚለውን በእርጋታ ለመምከር ጊዜ ይኖራል። ያው ነገር በምጥ መሐል ሲታወቅ ግን ምርጫው ይጠባል። የእንግዴ ልጁ ከማህፀን በር ላይ አለመቀመጡ፣ የደም ዓይነቷ አርኤች ኔጌቲቭ ለሆነች ሴት ሰውነቷ የፅንሱን ደም እንዳይዋጋ የሚከላከለው መርፌ መሰጠቱ፣ የኤችአይቪና የቂጥኝ ምርመራ መታደሱ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መሟላቱ የሚረጋገጠውም በእነዚሁ ቀጠሮዎች ነው። በአንዳንድ ሀገራት ለእናቲቱ የሚሰጥ የትክትክ ክትባት የቆየ ሲሆን፣ ከ2023 ወዲህ ደግሞ ሕፃናትን ለከባድ የሳንባ ሕመም የሚዳርገውን አርኤስቪ የተባለ ቫይረስ የሚከላከል ክትባት ለነፍሰ ጡሮች መሰጠት ጀምሯል።

«ቦታ ስለጠበበው ነው» የሚለው ስሕተት

በእርግዝና መጨረሻ ላይ ከሚነገሩ የተሳሳቱ አባባሎች ሁሉ በእኔ ግምት አደገኛው «ልጁ ስላደገና ቦታ ስለጠበበው እንቅስቃሴው ይቀንሳል» የሚለው ነው። የእንቅስቃሴው ዓይነት ሊለወጥ ይችላል፤ ከመርገጥ ይልቅ መገላበጥና መንጠራራት ይበዛል። መጠኑ ግን እስከ 32ኛው ሳምንት እየጨመረ ሄዶ ከዚያ በኋላ እስከ ምጥ ድረስ፣ በምጥ ጊዜም ጭምር እንደዚያው መቀጠል አለበት። ፅንሱ ይተኛል፤ እንቅልፉ በአብዛኛው ከ20 እስከ 40 ደቂቃ የሚቆይ ሲሆን ከ90 ደቂቃ የሚያልፍበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ለሁሉም ፅንሶች የሚሠራ አንድ ቁጥር የለም። ከቁጥር ይልቅ የሚጠቅመው የራስን ልጅ ልማድ ማወቅ ነው፤ ማታ ጋደም ስትል የሚበረታ እንደሆነ፣ ጠዋት የሚተኛ እንደሆነ እናቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ትለምደዋለች። ያ ልማድ ሲለወጥ፣ ሲዳከም ወይም ሲጠፋ በጎኗ ጋደም ብላ ለተወሰነ ጊዜ ልብ ብላ ታዳምጥ፤ ጥርጣሬው ካልለቀቃት ግን እስኪነጋ ወይም እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ሳትቆይ ወደ ጤና ተቋም ትሂድ። በስልክ ላይ የሚጫን ወይም ለቤት የሚሸጥ የልብ ምት ማዳመጫ ለዚህ አይተካም፤ የልብ ምት መሰማቱ ፅንሱ በሕይወት መኖሩን ይናገር እንደሆነ እንጂ ደኅና መሆኑን አይናገርም። አንዴ ሄዳ «ደኅና ነው» ተብላ የተመለሰች ሴት በማግስቱ ያው ነገር ቢደገምባት እንደገና መሄድ አለባት። ደጋግሞ መቀነሱ ራሱ የሚመረመር ምልክት ነው።

ሳይታደር የሚኬድባቸው ሌሎች ምልክቶችም አሉ። ከማህፀን ደም መፍሰስ፣ ሕመም ባይኖረውም እንኳ፣ ወይም ሆድ እንደ ደነደነ ቀርቶ የማያቋርጥ ሕመም ሲኖር የእንግዴ ልጁ ችግር ሊሆን ይችላል። በማስታገሻ የማይለቅ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ብልጭታ፣ ከጎድን አጥንት ሥር የሚሰማ ሕመም፣ ድንገተኛ የፊትና የእጅ እብጠት ወደ ደም ግፊት ያመለክታሉ። ትኩሳት፣ በአንድ እግር ባት ላይ የሚሰማ እብጠትና ሕመም፣ ድንገተኛ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር፣ ሽፍታ ሳይኖር በተለይ መዳፍና ውስጥ እግርን ሌሊት የሚያሳክክ ነገር እንዲሁ ይመረመራሉ፤ የመጨረሻው የጉበት ችግር ሊሆን ስለሚችል የደም ምርመራ ይጠይቃል።

ምጥ መሆኑ በምን ይታወቃል

ከወሊዱ ሳምንታት አስቀድሞ ማህፀን ይለማመዳል። ይህን ልምምድ እ.ኤ.አ. በ1872 የገለጸው እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ብራክስተን ሂክስ ስለሆነ በስሙ ይጠራል። ልምምዱ ጊዜ አይጠብቅም፤ አረፍ ሲሉ፣ ሲራመዱ ወይም ውሃ ሲጠጡ ይተዋል። ምጥ ግን ምንም ቢያደርጉት አይመለስም፤ እየተቀራረበ፣ እየረዘመና እየበረታ ይሄዳል። ለመለየት እጅን ከሆድ ላይኛው ክፍል ማሳረፍ በቂ ነው። ማህፀኑ ሲኮማተር ከመዳፍ ሥር ይነሣና ቀስ በቀስ እንደ ግንባር ይጠነክራል፤ ከዚያ ይላላል። ጊዜው የሚቆጠረው አንዱ ከጀመረበት እስከ ሌላው እስከሚጀምርበት ነው። ባል ወይም አብሮ ያለ ሰው ሰዓቱን በወረቀት ላይ ቢመዘግብ፣ ስልክ ለምትቀበለው አዋላጅ ከ«በጣም አሞኛል» የተሻለ መረጃ ይሰጣል።

የመጀመሪያ ልጇን ለምትወልድ፣ ቤቷም ከጤና ተቋሙ ቅርብ ለሆነና ምንም የተለየ ችግር ለሌለባት ሴት፣ ምጡ በ10 ደቂቃ ውስጥ 3 ጊዜ መምጣትና እያንዳንዱ 1 ደቂቃ ገደማ መቆየት ሲጀምር መነሣት የተለመደ መመሪያ ነው። ይህ ግን ለሁሉም አይሠራም። ከዚህ በፊት የወለደች፣ ቤቷ የራቀ፣ በቀዶ ሕክምና ወልዳ የምታውቅ፣ መንታ የያዘች ወይም የደም ግፊት ያለባት ሴት ቀደም ብላ መነሣት አለባት፤ ስንት ሰዓት ቀድማ የሚለውን ከሐኪሟ ጋር በ36ኛው ሳምንት ቀጠሮ ላይ ቁርጡን ማወቅ ይኖርባታል።

የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ ምጡ ባይጀምርም መሄድ ያስፈልጋል። ቀለሙና ሰዓቱ ይያዝ፤ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ሕፃኑ በማህፀን ውስጥ ሰገራ መልቀቁን ያሳያል። ውሃው ሲፈስ እትብቱ ወደ ውጭ ከወጣ ደግሞ ደቂቃ የማይሰጥ አደጋ ነው፤ ሴትየዋ በጉልበቷና በክርኗ ተንበርክካ ዳሌዋን ከፍ አድርጋ በዚያው ሁኔታ በአስቸኳይ ትወሰድ፤ እትብቱን ወደ ውስጥ ለመመለስም አይሞከር።

ብዙ ሴቶችን የሚያሳፍርና የሚያስቆጣ ነገር ደግሞ ደርሰው «ገና ነሽ፣ ተመለሺ» መባል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ንቁው የምጥ ደረጃ የማህፀን በር 5 ሴንቲ ሜትር ሲከፈት እንደሚጀምር ወስኗል። ከዚያ በፊት ያለው ምዕራፍ ለአንዷ በሰዓታት ሊያልቅ፣ ለሌላዋ ከአንድ ቀን በላይ ሊዘልቅ ይችላል። ንቁው ደረጃ ራሱ ለመጀመሪያ ልጅ እስከ 12 ሰዓት፣ ለቀጣዮቹ እስከ 10 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። መመሪያው «በየሰዓቱ 1 ሴንቲ ሜትር መከፈት አለበት» የሚለውን የቆየ መለኪያ ለሁሉም ሴት እንደማይሠራ አድርጎ አሻሽሎታል፤ ዓላማውም እናትና ልጅ ደኅና እያሉ ምጡን በመድኃኒት ማፋጠንንና ያለምክንያት ወደ ቀዶ ሕክምና መሄድን መቀነስ ነው። መመለሱ ተገቢ የሚሆነው ግን እናትና ፅንሱ ከታዩ በኋላ፣ መንገዱም የሚያመላልስ ሲሆን ነው። ለራቀች ሴት እዚያው አቅራቢያ ማረፊያ መፈለግ ከዝግጅቱ አንዱ ነው።

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ማን ምን ያደርጋል?

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ አንድ ቤተሰብ በ34ኛው ሳምንት ገደማ ተቀምጦ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ሊመልሳቸው ወደሚገቡ ጥያቄዎች ያመራል። የት ትወልጃለሽ? ያ ተቋም ቀዶ ሕክምናና ደም መስጠት ይችላል ወይ? ካልቻለ የሚልክሽ ወዴት ነው? ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ምጥ ቢመጣ መኪናው የማን ነው፤ እርሱ ስልክ ባያነሣ ሁለተኛው ማነው? ለትራንስፖርትና ለሕክምና የሚሆነው ገንዘብ በማን እጅ ነው፤ ያ ሰው ቤት በሌለበት ቀንስ? ደም ቢያስፈልግ የሚለግሱት ሁለት ሰዎች እነማን ናቸው? ሌሎቹ ልጆች ከማን ጋር ይሆናሉ?

ከእነዚህ ሁሉ ግን ጎልቶ መውጣት ያለበት የውሳኔው ጥያቄ ነው። ባል ሥራ ላይ ወይም መንገድ ላይ እያለ፣ ታላላቆች «እስኪመጣ ይቆይ» እያሉ የሚያልፈው ሰዓት የመጀመሪያው መዘግየት ዋነኛ መልክ ነው። ስለዚህ «ከእነዚህ ምልክቶች አንዱን ካየሽ ማንንም ሳትጠይቂ ሂጂ» የሚለው ቃል ከባልየውና ከቤተሰቡ አስቀድሞ ወጥቶ፣ በወረቀቱ ላይ ሰፍሮ መገኘት አለበት። ሴትየዋ ራሷን ስታ መናገር ባትችል ስለ እርሷ የሚፈርመው ሰውም እንዲሁ ይታወቅ።

በምጥ ጊዜ ራሷ የመረጠችው ሰው አብሯት መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። አብሯት የሚሆን ሰው ያላት ሴት ምጧ በመጠኑ እንደሚያጥርና በቀዶ ሕክምና የመውለድ ዕድሏ እንደሚቀንስ ጥናቶች ያሳያሉ። ተቋሙ ይህን ይፈቅድ እንደሆነ ቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ቦርሳውን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ የክትትል ካርዱና የምርመራ ውጤቶቹ፣ የሚወሰዱት መድኃኒቶች፣ የንጽሕና መጠበቂያ፣ ለሕፃኑ ሞቅ ያለ ልብስና ኮፍያ፣ የስልክ ቻርጀር ከ36ኛው ሳምንት ጀምሮ በር አጠገብ ይቀመጡ።

ልጁ ከተወለደ በኋላ

የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ዝግጅት ወሊዱ ላይ ማቆም የተለመደ ጉድለት ነው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ከባድ የደም መፍሰስ ብዙውን ጊዜ የሚከሰተው በመጀመሪያው ቀን፣ አስቀድሞ ምንም ምልክት ባልነበራት ሴት ላይ ጭምር ነው። ልጁ እንደተወለደ የሚሰጠው፣ ማህፀኑ እንዲኮማተር የሚያደርገው ኦክሲቶሲን የተባለ መድኃኒት ይህን ይከላከላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት ደግሞ የሚፈሰውን ደም በዓይን ከመገመት ይልቅ በመለኪያ መያዣ በመለካትና ሕክምናዎቹን አንድ በአንድ ሳይጠብቁ በአንድነት በመስጠት፣ ከባዱን ጉዳት በ60 በመቶ መቀነስ እንደተቻለ አሳይቷል። ወላጆች ስለ ኦክሲቶሲኑ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ እንዲሁም ሕፃኑ ደኅና ከሆነ እትብቱ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ሳይቆረጥ እንዲቆይ፣ ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ እንዲሆን፣ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲይዝና ለ24 ሰዓት ሳይታጠብ እንዲቆይ። ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከክብደቱ ጥቂት መቀነሱ ያለ ነው፤ እንገሩ መጠኑ ትንሽ ቢመስልም ለትንሹ ሆዱ ይበቃዋል።

ምንም ችግር ያልገጠማት እናትም ቢሆን ቢያንስ 24 ሰዓት በጤና ተቋም እንድትቆይ፣ ከዚያም ከ48 እስከ 72 ባሉት ሰዓታት፣ በ2ኛው ሳምንትና በ6ኛው ሳምንት እንድትታይ ይመከራል። ወረቀቱ ላይ የእነዚህ ቀጠሮዎች ቀንና የሚያደርሳት ሰው ስምም ይግባ። የንጽሕና መጠበቂያ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚያርስ ደም፣ ትኩሳትና መጥፎ ጠረን ያለው ፈሳሽ፣ ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ከቤት ከተገባ በኋላም ወዲያውኑ የሚያስሮጡ ናቸው፤ ፕሪኤክላምፕሲያ በእርግዝና ጊዜ ግፊቷ ደኅና በነበረች ሴት ላይ እንኳ ከወሊድ በኋላ ሊነሣ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማልቀስና መከፋት የተለመደ ሲሆን፣ ከ2 ሳምንት አልፎ ከቀጠለ፣ እንቅልፍ ከነሣት ወይም ራሷን አልያም ልጇን የመጉዳት ሐሳብ ካመጣባት ሕክምና የሚያሻው ሕመም ነው።

በእነዚህ ወራት ለማንኛውም ሕመም ወደ ማንኛውም ሐኪም የሄደች ሴት ከሁሉ አስቀድማ የምትናገረው በቅርቡ መውለዷንና ቀኑን ይሁን፤ ያንን ያልሰማ ሐኪም ራስ ምታቷን እንደ ተራ ራስ ምታት፣ የትንፋሿን ማጠርም እንደ ድካም ሊያይባት ይችላል።